ከካርድ መሳቢያ እስከ መጽሔት

የማኅበራችን የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች ደውለው «ስለ ላይብረሪው አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሁላችሁም የምታስታውሱት ነው፦ በፈተና ሰሞን ኬኔዲ ደጃፍ ላይ የነበረው ሰልፍ፣ ደብተር አኑሮ ወንበር መያዝ፣ ጥግ ይዞ ከማጥናት ይልቅ መተያየት። ስለዚያ ብጽፍ እንሳሳቅ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት ያህል በቤተ መጻሕፍት ሠርቼ፣ ጡረታም ወጥቼ፣ ስለ ወንበር ሽሚያ ብቻ ጽፌ ብቀር የሙያ ጓደኞቼ ይታዘቡኛል።

ስለዚህ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ከመስኮቱ ወዲያ ስለነበሩት ሰዎች ነው። እኛ የመጽሐፉን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ስናቀብል፣ እነሱ ገብተው መጽሐፉን ይዘው ሲመጡ፣ ሥራቸው ይኸው ብቻ ይመስለን ነበር። እኔም ራሴ ከመስኮቱ ኋላ እስክቆም ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። መጽሐፍ የሚያቀብል ሰው ራሱ ጥያቄ ማንሳትን፣ መመርመርን፣ ጽፎ ማሳተምን ከየት ይማራል? ታሪኩን ወደ ኋላ ስከታተለው ደጋግሞ የሚያደርሰኝ አንድ ቦታ ነው፤ ዝርዝር መያዝ። መጀመሪያ ዝርዝር ይያዛል፤ ዝርዝሩ አንድ ቦታ ላይ አልሞላ ይላል፤ ያ ያልሞላው ቦታ ጥያቄ ይሆናል።

ከሥሩ ልጀምር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ አገራችን መጥተው ቤተ መጻሕፍቱን የያዙት ስታኒስላው ኾይናትስኪ የሚባሉ የፖላንድ ሰው ነበሩ። ሰውየው መጽሐፍ ደርድረው ብቻ አልተቀመጡም። ከተማሪዎች ጋር ሆነው የኮሌጁን የኢትኖሎጂ ማኅበር አንቀሳቀሱ። ተማሪው ለክረምት አገሩ ሲገባ የአካባቢውን ወግና ልማድ ሽማግሌ ጠይቆ፣ ጽፎ ይመለሳል፤ ጽሑፉም በማኅበሩ ቡሌቲን ላይ ይወጣል። ቡሌቲኑ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ተሰብስቦ ታትሟል፤ ያላያችሁት ካላችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሶች የነበሩ፣ ስማቸውን ኋላ በትልልቅ ወንበር ላይ የሰማነው ሰዎች፣ የመጀመሪያ ጽሑፋቸው እዚያ አለ። ይህን የምለው ለአንድ ነገር ነው፤ ተማሪውን «ሂድ፣ ጠይቅ፣ ጻፍ፣ አሳትም» ከሚሉት አንዱ ላይብረሪያኑ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በገነተ ልዑል ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክኸርስት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ኾይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያዙ። የተቋሙ መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት፣ በዚያው ዓመት ጀመረ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ለሙዚየሙ ሥዕል፣ መስቀልና የብራና መጽሐፍ ይሰበሰባል። ዕቃው ሲገባ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ምንድን ነው? የእመቤታችን ሥዕል። ከምን ተሠራ? ከእንጨት። ከየት መጣ? ይህን ሻጩ ይናገራል፣ እውነትም ይሁን ውሸት። መቼ ተሣለ? እዚህ ላይ እስክሪብቶው ይቆማል። በአውሮፓ ቢሆን መዝጋቢው መደርደሪያው ላይ ያለ መጽሐፍ ገልጦ ያመሳክራል። የኢትዮጵያን ሥዕል ዘመን ለይቶ የሚነግር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን ገና አልተጻፈም ነበር። ኾይናትስኪ ያንን ባዶ ዓምድ ለመሙላት ሥዕልን ከሥዕል ማነጻጸር ጀመሩ፦ ዘመኑ የታወቀውን ካልታወቀው ጋር፣ የልብስ እጥፋቱን፣ የእጅ አያያዙን፣ ከሥር የተሣለውን የአሣይ ሰው መልክ። ከሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ተገልብጦ እኛ አገር እንዴት እንደገባና እንደተዛመተም ተከታተሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. በተቋሙ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል አጭር መግቢያ አወጡ። ትልቁ መጽሐፋቸው በጀርመን አገር የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ከአጭሩ እስከ ትልቁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ የመዝገብ ዓምድ ነው ብል ያጋነንኩ ይመስላችኋል? እኔስ አይመስለኝም። መዝገብ የያዘ ያውቀዋል።

በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ራይትም እንደዚሁ ናቸው። እሳቸው ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገራችን የታተሙትን መጻሕፍት ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ከዩኒቨርሲቲያችን ስብስብ እየለቀሙ መዘገቡ፤ ሥራቸው በ1967 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ታተመ። ሲያዩት ደረቅ ዝርዝር ነው። ግን ስለ ቀድሞው ማተሚያ ቤት፣ ስለ ቀድሞው ደራሲ አንድ ነገር ልጻፍ ያለ ሁሉ እሱን ሳይነካ አያልፍም። የዝርዝር ነገር እንዲህ ነው፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ጥቂቶች ይጠቅሱታል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሪታ ፓንክኸርስት። ሪታ የዩኒቨርሲቲያችን ዋና ላይብረሪያን ነበሩ፤ በስልሳዎቹ መባቻ ኬኔዲ ሲከፈት ቤቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። በ1973 እ.ኤ.አ. በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናቶች ትምህርት ቤት ቡሌቲን ላይ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት ጽሑፍ አሳተሙ። እኔ ይህን ጽሑፍ ለአዳዲስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ስሰጥ «ታሪኩን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ቁጠሩ» እላቸው ነበር።

ስለ መቅደላ የታሪክ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ጦርነቱን፣ እስረኞቹን፣ የንጉሡን አሟሟት። ላይብረሪያን ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። መጻሕፍቱ እዚያ አምባ ላይ እንዴት ተሰበሰቡ? ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአድባራቱ፣ ከሁሉ በላይ ከጎንደር፣ አስመጥተዋቸው ነበር። ስንት ነበሩ? አንድ ሺህ ያህል እንደነበሩ ይገመታል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ማን ወሰዳቸው? ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆምስ፣ አብሮ መጥቶ ነበር። ዝርፊያው በአሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ። የት ደረሱ? ሦስት መቶ ሃምሳ ገደማ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ምርጥ የተባሉ ስድስት ወደ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ሄዱ፤ ከቀሩት ከፊሉ በመንገድ ላይ ለነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ተሰጠ። ዛሬስ በምን ቁጥር ይገኛሉ? ለዚህ ሌላው ራይት፣ ዊልያም ራይት፣ በ1877 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሙዚየሙ ካታሎግ አለ።

አያችሁ፣ ጥያቄዎቹ በየቀኑ ለአንድ መጽሐፍ የምንጠይቃቸው ናቸው። ከየት መጣ፣ መቼ ገባ፣ የማን ማኅተም አለበት፣ ማን ተዋሰው፣ የት ነው ያለው። ሪታ እነዚህን የመዋሻ መስኮት ጥያቄዎች ወስደው ለአንድ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ጠየቁ። የተዋሰው ሰው እስከ ዛሬ አልመለሰም፤ መቀጫውን እናንተ አስሉት። አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ብቻ ለዐፄ ዮሐንስ ተመልሷል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ባልናገር ሐቀኛ አልሆንም። እስካሁን ስማቸውን የጠራሁት ሁሉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ያኔ አበሻ ላይብረሪያን ስላልነበረ አይደለም። ነበሩ፤ ካርዱን የሚጽፉት፣ የአማርኛውን ርእስ የሚያነቡት፣ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ የሚለዩት እነሱ ነበሩ። ስማቸው ሲገኝ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ምስጋናው ውስጥ ነው። ለመጻፍ ጊዜም ማዕረግም አልነበራቸውም፤ መምህር ጽፎ ያድጋል፣ ላይብረሪያን ግን በብዙ ተቋም ከአስተዳደር ሠራተኛ ጋር ተቆጥሮ ሰዓት ፈርሞ ይገባል፣ ሰዓት ፈርሞ ይወጣል። ጻፈ አልጻፈ ደመወዙ አንድ ነው።

ከዝርዝር ተነሥቶ ታላቅ ሊቅነት ላይ ስለ ደረሰ አበሻ ከተነሣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን መጥራት ግድ ነው። እሳቸው በሙያቸው ላይብረሪያን አልነበሩም፤ የዩኒቨርሲቲያችን መምህር ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤታቸው ድረስ በመጡ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው። ኋላ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የያዙት ሥራ ምን ነበር? ካታሎግ! ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገዳማትና ከአድባራት በማይክሮፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ አንብቦ መዘርዘር። ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ የጻፉት ሁሉ እየዘረዘሩ ሳለ ከእጃቸው ከገባው የወጣ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የማካርተር ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ሚኒሶታ ያላችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ደስታውን ከኔ የበለጠ ታስታውሱታላችሁ።

ይህ የሌሎች ታሪክ ነው። አሁን የራሴን ልናገር፤ በተለይ ያጠፋሁትን።

እኔ በ1978 ዓ.ም. ፍሬሽማን ገብቼ በ1981 በታሪክ ተመረቅኩ። የታሪክ ተማሪዎች የነበራችሁ ሲኒየር ኤሴይ ምን እንደነበር አትረሱትም፤ ክረምቱን አገር ቤት ሽማግሌ ስናሳድድ ከርመን፣ ከዚያ ተቋሙ ላይብረሪ ውስጥ ወንበር ይዘን። እዚያ ነው አንድ ሠራተኛ ያስተማሩኝ። አንድ ቀን የሆነ መጽሐፍ ጠይቄያቸው ይዘውልኝ መጡና፣ ሳይሰጡኝ በፊት «ይኼን የፈለግሽው ምን ልታገኚበት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መጽሐፉን ይዘው ተመልሰው ሌላ አመጡልኝ። «ያ የሚነግርሽ የሚታወቀውን ነው። ይኼ ያላለቀውን ነው የሚነግርሽ» አሉኝ። ከአራት ዓመት ትምህርት ስለ ምርምር የቀረልኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ሌላ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጠርኩ። በመሃሉ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮና በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ለማስተርስ ገባሁ። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከመጡ ባለሙያዎች ጋር አንድ ክፍል ተቀመጥን። ትልቅ ነገር ነበር፤ ላይብረሪያን የመመረቂያ ጥናት ጻፍ ሲባል! ጥያቄ ማቅረብ፣ የቀደመውን ሥራ መገምገም፣ ዘዴህን መናገር፣ ያላገኘኸውንም መናገር። ብዙ ጓደኞቻችን ወደ ኮምፒውተሩ አደሉ፤ የአማርኛን ሕትመት ማሽን እንዲያነብ ለማድረግ የደከሙ ነበሩ። እኔ ወደ ካርዴ ተመለስኩ።

ካርዱ የኔ አልነበረም። ሥራ ቦታዬ ውስጥ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ዲፕሎማ ነበራቸው። ከሃያ ዓመት በላይ፣ ከሥራ በኋላ በሚቀር ሰዓትና በምሳ ሰዓት፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከሰንደቅ ዓላማችን፣ ከመነን፣ ከየካቲት ስለ መጻሕፍት የወጣውን ሁሉ ካርድ ላይ ሲያሰፍሩ ኖረዋል። መጽሐፉ ታተመ የሚል ማስታወቂያ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ የሚሸጠው የት ነው፣ ማን ሂስ ጻፈበት፣ ደራሲው ምን ብሎ መለሰ። የጽሕፈት ቤት ካርድ ሲያልቅባቸው የሲጋራ ፓኮ ቆርጠው ይጽፉበታል። ስምንት መሳቢያ ሞልቶ ነበር።

አሠራራቸውን ሳይ ካታሎግ ምን ያህል የሚያስቸግር ነገር እንደሆነ ገባኝ። ለምሳሌ የደራሲ ስም። ፈረንጅ የአባቱን ስም አስቀድሞ ይዘረዝራል፤ እኛ ግን ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብለው ቢገቡ ልጅን ፈልጎ አባትን መጥራት ነው። የዓመቱም ነገር አለ፤ አንድ መጽሐፍ ላይ 1958 ብቻ ተጽፎ ውጭ አገር ያለ ካታሎገር በፈረንጅ ዓመት ቆጥሮት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊደሉም አለ፤ ዓለም በዐይኑ ዐ ይሁን በአልፋው አ? ጋሼ በሁለቱም ቦታ ካርድ ያስገቡና «ወደ ወንድምህ ሂድ» ብለው ይጽፉበታል።

ማስተርሴን ይዤ ስመለስ ከነዚያ ካርዶች አንድ ጥናት አወጣሁ፤ በንጉሡ ዘመንና በደርግ ዘመን የአማርኛ መጽሐፍ ዋጋና መሸጫ እንዴት እንደተለወጠ። ጋሼን ስጠይቃቸው መሳቢያውን ከነቁልፉ ሰጡኝ። ስድስት ወር ያህል ሠራሁ። ወደ አንድ የውጭ መጽሔት ላክሁ፤ መለሱት። ከሦስት ገጽ አስተያየት ጋር ነበር የተመለሰው፤ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ከዚያ አነበብኩት፣ ከዚያ ልክ መሆናቸው ገባኝ። ዋጋ ብቻ ደርድሬ የገንዘቡን አቅም አላነጻጸርኩም ነበር። መገምገም የሚባለውን ነገር ያኔ ተማርኩ፤ ሰው ሳያውቅሽ ሥራሽን ብቻ አይቶ የሚነግርሽ ነው። አስተካክዬ ለሌላ መጽሔት ላክሁ፤ ታተመ። ስሜን ግን ገልብጠው የአባቴን ስም አስቀድመው አወጡት። እስከ ዛሬ አባቴ ናቸው የሚጠቀሱት፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ መስመር ሳይጽፉ ተመራማሪ ሆኑ።

መጽሔቱ ሲደርሰኝ ሮጬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንበር ስበው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። እንግሊዝኛው ቀስ ያደርጋቸው ነበር። ሲጨርሱ «ጎበዝ፣ ልጄ። ሁለት ቦታ ዓመቱ ተሳስቷል» አሉና ገጹን አሳዩኝ። እውነት ነበር። ከዚያ ወረቀቱን እያገላበጡ፦

«ካርዶቹንስ ምን አልሻቸው?»

«እንዴት ጋሼ?»

«ዋጋውን ከየት አገኘሽው ትላለች ይቺ ወረቀት?»

ጽሑፌ «የዘመኑን ጋዜጦች በመመርመር» ነበር የሚለው። እኔ ጋዜጣ አልመረመርኩም። የጋሼን ካርድ ነው የመረመርኩት። ጋዜጣውን ሃያ ዓመት የመረመሩት እሳቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ በምስጋናው ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ስማቸው አለ፤ «ለትብብራቸው» ይላል። እስኪ አስቡት፤ ትብብር!

አልተቆጡም። «ካርድ እኮ ጥናት አይባልም፣ ግድ የለም» አሉኝ። ብዙ ጊዜ እንዲያ ሲባሉ ኖረው አምነውበታል ማለት ነው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የኔ ጥፋት ካለማወቅ ነው ብዬ ላመካኝ እችል ነበር፤ የአጠቃቀስ ትምህርት ግን ተምሬ፣ በፈተናውም ኤ አግኝቼ ነው የመጣሁት። መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠቀስ አውቅ ነበር። መሳቢያ እንዴት እንደሚጠቀስ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ካርዶቹን በጋሼ ስም ለማሳተም የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነገሩ ግን ዓመታት ፈጀ። መጀመሪያ ዩኔስኮ በነጻ ያድለው በነበረው ሲዲኤስ አይሲስ በሚባለው ፕሮግራም ማስገባት ጀመርኩ። የኛ ፊደል ያኔ በኮምፒውተሩ ዓለም የጋራ ቁጥር አልነበረውም፤ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ርእስ ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር የምጽፈው። ሦስቱ ሀ አንድ ሆነው ቀሩ። ጋሼ መጥተው ስክሪኑን አይተው «ይኼ ምን ቋንቋ ነው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። አንድ ሺህ ያህል ካርድ ካስገባሁ በኋላ ተውኩት። በመሃሉ ጋሼ ጡረታ ወጡ፤ ቢሮ ሲዛወር መሳቢያዎቹ መጋዘን ወረዱ፤ ጣሪያ የሚያፈስ መጋዘን። ጋሼ አረፉ። እኔ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ነገ ነገ እያልኩ።

እንደገና የጀመርኩት ለጡረታ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ያኔ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶችን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥበት ክምችት አቋቁሟል፤ የአገራችን መጽሔቶች በአፍሪካ መጽሔቶች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይነበባሉ፤ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ ወጣ። ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው ማነው? ላይብረሪያኑ! ትናንት መምህሩን «መጽሐፍ መልስ» እያለ የሚያሳድድ ሠራተኛ ዛሬ «ጽሑፍህን አስገባ» እያለ ያሳድደዋል። ለወጣቱ መምህር የትኛው መጽሔት የእውነት እንደሆነ፣ የትኛው ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ እንደሚያወጣ የሚነግረውም እሱ ነው። ይህን ሊመክር የሚችለው ግን ራሱ አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ተመልሶበት፣ አስተካክሎ ያሳተመ ሰው ነው። ያልቀመሱት ነገር ምክር አይወጣውም። ለዚህ ብዬ በመጨረሻ ዓመታቴ ወጣት ባልደረቦቼን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብስቤ እያንዳንዱ ከሚሠራበት ዴስክ አንድ ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ አደርግ ነበር። ቡና ይፈላል፣ ወረቀቱ ይነበባል፣ ይተቻል። የመጀመሪያዋ ልጅ ይዛ የመጣችው ጥያቄ «ለምንድን ነው ተማሪዎች 963 ቁጥር መደርደሪያ ላይ ያሉትን የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ከቦታቸው የሚደብቁት?» የሚል ነበር። ሳቅን። ከዚያ ማን የት እንደሚደብቅ መቁጠር ጀመረች፤ በመጨረሻም ስንት ቅጂ መግዛት እንዳለብን የሚያሳይ ደህና ጽሑፍ ሆነ።

እነዚያ ወጣቶች ናቸው መጋዘን አብረውኝ የወረዱት። ከስምንቱ መሳቢያ ስድስቱን በደህና አገኘን። አንዱ በዝናብ በስብሶ ካርዱ እንደ ቂጣ ተጣብቋል፤ በእንፋሎት እያላቀቅን ግማሽ ያህሉን አነበብን። ስምንተኛው የለም። ያገኘነውን በአማርኛ ፊደል፣ ሀ በሀ፣ ሐ በሐ፣ ኀ በኀ፣ «ወደ ወንድምህ ሂድ» የሚለውንም ጭምር እንዳለ ተየብን። አቀናባሪው በሚለው ቦታ የጋሼ ስም አለ፤ የእሳቸው፣ ከዚያ የአባታቸው፣ ሳይገለበጥ። ልጃቸው መጥታ ፈርማ በክፍት ፈቃድ ተቀመጠ። እኔ መግቢያ ጽፌያለሁ፤ በመግቢያው ያ የቆየው ጽሑፌ ከምን እንደተሠራ ተናግሬያለሁ፣ ሁለቱንም ዓመት አርሜያለሁ። ላሳተመው መጽሔትም ማረሚያ ልኬ ነበር፤ በጣም ቆይቷል ብለው አልተቀበሉኝም።

አሁን ለእናንተ አንድ ጉዳይ አለኝ። የጠፋው መሳቢያ ከ«ነ» እስከ «ወ» ያለው ነው። ከበአሉ ግርማ እስከ ተመስገን ገብሬ ያሉት በእጃችን ናቸው፤ አቤ ጉበኛ፣ ከበደ ሚካኤልና ወልደጊዮርጊስ ወልደዮሐንስ ግን የሉንም። በዚያ ዘመን የአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት ቆርጣችሁ ያስቀመጣችሁ፣ የአባታችሁ ሣጥን ውስጥ የመነን ጥራዝ ያለ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ሐዋሳ፣ የመጽሐፍ ማስታወቂያ ያለበትን ገጽ በስልካችሁ አንሥታችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ላኩልኝ። የጋዜጣው ስምና ቀኑ ይታይ፤ የላከው ሰው ስምም ይጻፍ። ካርዱ ላይ እናሰፍረዋለን።